ቁም ሳጥናችንን ለታደገልን ባለሙያ፣ እጅህ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ነው። ቤታችሁ ተንሸራታች በር ያለው ቁም ሳጥን ካለና በሩ አልገፋ እያለ የሚያማርራችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። በተለይ "ይሄ እቃ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዙ" ያላችሁ ሰው ካለ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

የእኛ ቁም ሳጥን ባለ 2 በር ነው። አንደኛው በር ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ሌላኛው እንጨት። አዲስ እያለ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ነበር የሚሄደው። እየቆየ መክበድ ጀመረ። መጀመሪያ ያዝ ለቀቅ ያደርግ ነበር። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ መጣ። ከዚያ ጩኸቱ ተከተለ። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጥርስ ያንገጫግጫል። ማለዳ ለሥራ ልወጣ ስል አንድ ሸሚዝ ለማውጣት ቤቱን ሙሉ እቀሰቅስ ነበር። ስለዚህ የነገን ልብስ ማታ አውጥቼ ወንበር ላይ ማሳደር ለመድኩ። ሰው ክፉ ነገርን እንዲህ ቀስ እያለ ነው የሚለምደው።

ለእኔስ ግድ አልነበረም። ጉልበት አለኝ፤ ትከሻዬን አስደግፌ እገፋዋለሁ። የከበደው ለእናቴ ነው። ቁም ሳጥኑ ያለው እሷ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ የእጇን መገጣጠሚያዎች ያማታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። መጀመሪያ ላይ "እስቲ ነይና ይቺን ክፈቺልኝ" እያለች ትጠራኝ ነበር። ከዚያ መጥራቱንም ተወችው። አንድ ሹራብ ብቻ ደጋግማ ስትለብስ አየሁና "እማዬ፣ ያ ሌላው ሹራብሽስ?" አልኳት። "ይሄ ይበቃኛል፤ ምን ያደርግልኛል" አለች። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሌላው ሹራብ ያለው ከመስታወቱ በር ጀርባ ነበር። ሰው ማስቸገር የማትወድ ሴት ናት። በራሷ ቤት፣ በራሷ ልብስ ላይ ተዘጋባት። አንጀቴ ተላወሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ፍለጋ የተጀመረው። የሰዎቹንም የቦታዎቹንም ስም አልጠራም። ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ያደረጉትን ግን ልናገር፣ እናንተም እንዳትሸወዱ።

የመጀመሪያው ገብቶ ቆሞ አየው። በሩን አልነካም። ጎንበስ ብሎ ከስር አላየም። ሁለት እጁን ኪሱ እንደከተተ "የዚህ መለዋወጫ አሁን የለም። ዘመኑ አልፎበታል። ሙሉውን ነው መቀየር" አለኝ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የሚሸጣቸውን ቁም ሳጥኖች ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። እንግዲህ ሊጠግን ነው የጠራሁት! ፎቶዎቹ እንኳ ተዘጋጅተው ነበር የሚጠብቁኝ። በሩን ሳይከፍት ልቤን ዘጋው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ "ዘይት ነው የጎደለው፣ ሌላ ምንም የለበትም" አለ። በሩ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ አንቆረቆረው። እውነቱን ለመናገር በሩ ጸጥ አለ። እኔም ደስ አለኝ፣ መረቅኩት። ትንሽ ሰነባብቶ ግን አቧራው፣ የልብሱ ብናኝ፣ ጸጉሩ ሁሉ ዘይቱ ላይ ተለጠፈ። ጠቁሮ ረጋ። በሩ ከበፊቱ ይልቅ ከበደ። ረጅሙ ካፖርቴ ጫፉ ሀዲዱን ነክቶ በዘይት ተበላሸ፤ አጥቤም አጥቤም አልለቀቀም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ደውዬ ስነግረው "ታዲያ ድጋሚ ይቀባል" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

የባሰው ግን የመጨረሻው ነው። እሱ ቢያንስ ችግሩ ከበሩ ስር ያሉት ትንንሽ ጎማዎች መሆናቸውን አውቋል። ስለዚህ አመንኩት። አንዱን ጎማ አወጣና ከቦርሳው ያገኘውን ሌላ ጎማ አስገባበት። ሦስቱን አሮጌ እንዳሉ ተዋቸው። "አለቀ" አለ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በሩ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። እኔ የማላውቀው ሰው እንኳ ይታየኛል። ከላይ በኩል ከፍሬሙ ጋር ሰፊ ክፍተት አለ፣ ከታች ደግሞ ይነካካል። "ሲለምድ ይስተካከላል" ብሎኝ ነበር። በር ምን ይለምዳል?

አልለመደም። አንድ ቀን ስገፋው ከሀዲዱ ወጣና ከነመስታወቱ ወደ ፊት አዘነበለ። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። እናቴ አጠገቡ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። "ኧረ እመቤቴ!" ያለችው ድምጽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጎረቤት ጠርቼ ተጋግዘን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው። ሰውየውን ደወልኩለት። "እመጣለሁ" አለ። ደግሜ ደወልኩ። "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ፤ እናቴ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ይህን ልጅ ያገኘሁት። ልጅ የምለው ለፍቅር ነው እንጂ በሙያው አዋቂ ነው። ያገናኘችን የሥራ ባልደረባዬ ናት። "ሌላ ሰው አልፈልግም፣ በቃኝ" ብያት ነበር። "እሱን ደውለሽ አናግሪው ብቻ፤ ካልጣመሽ ተይው" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ስልክ ላይ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር "በሩ ከላይ ነው የተንጠለጠለው ወይስ ከታች ነው የሚሽከረከረው?" የሚል ነው። እኔ ምኑን አውቄ! እሱ ግን አልተሰላቸም። "ችግር የለም እህቴ። የበሩን የታችኛውን ጠርዝና ሀዲዱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ አይቼ እነግርሻለሁ" አለ። ከዚያ በሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ስነግረው ወዲያው ድምጹ ተለወጠ። "ከስሩ እንዳይንሸራተት የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ወይም የጎማ ምንጣፍ አድርጊበት። አንድ ወንበርም ከፊቱ አስጠጊ። እናትሽ በዚያ በኩል እንዳያልፉ። እንዲህ ያለ በር ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል" አለኝ። ገና ዓይናችንን አላየም፤ ሳንቲም አልተቀበለም። እንዲያ ሲል ነው "ይሄ ሰው ነው" ያልኩት።

በቀጠረኝ ሰዓት መጣ። ይህን ብቻ ጽፌ ብተው ራሱ ለብዙዎቻችሁ በቂ ምስጋና ይሆን ነበር። ረዳቱን ይዞ ነው የመጣው፤ "መስታወት ያለበትን በር ብቻዬን አላነሳም፣ ሰው ይጎዳል" አለ። ለእናቴ እጅ ነሳና "እማማ፣ ትንሽ እንረብሽዎታለን" አላት። የቀድሞዎቹ እኮ እናቴ መኖሯንም ልብ አላሉ።

መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት ያልወጣውን የእንጨቱን በር ቀስ አድርጎ ወዲህ ወዲያ ገፋው። አዳመጠው። ከዚያ ተንበርክኮ በባትሪ ሀዲዱን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ በጥፍሩ እየዳሰሰ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። "እዚህ ጋ ተጎድቷል" አለ። እኔ ምንም አልታየኝም። ጣቴን አምጥቶ ሲያስነካኝ ግን አገኘሁት፤ ትንሽ የተጣመመች ቦታ ናት። ለካ በሩ ሁልጊዜ "ቋ" የሚለው እዚያ ላይ ሲደርስ ነው!

የእንጨቱን በር ለማውረድ ምንም አልታገለም። ከረዳቱ ጋር ወደ ላይ አንሳ አደረጉትና የታችኛውን ጠርዝ ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ በቃ ወጣ። የመጨረሻው ሰውዬ ሲመታና ሲጎተጉት እንዴት እንደዋለ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ንድድ አለኝ።

ከዚያ አሮጌውን ጎማ አወጣ። እዚህ ላይ ያደረገውን ነገር ነው የወደድኩለት። ለእኔ አላሳየም። አሮጌውን ጎማ በጨርቅ ጠራረገና እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። "እማማ፣ ይህን ይዩልኝማ። ክብ መሆን ነበረበት። አንድ ጎኑ ተልጧል። ስለዚህ አይሽከረከርም፣ ይጎተታል። በሩ ምንም አልሆነም። የታመመው እግሩ ነው።"

እናቴ ጎማውን አገላብጣ አየችውና "እንደ እኔ በለኛ ልጄ!" አለች። ሁላችንም ሳቅን። እናቴን እንዲያ ስትስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነም አስረዳን። በጎማው መሐል ያለችው ዘንግ ላይ ጸጉርና ክር ይጠመጠማል። ሲበዛ ጎማው መዞር ያቆማል። ሳይዞር ሀዲዱ ላይ ሲጎተት ደግሞ አንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል። ያን ጸጉር በጉጠት እየመዘዘ ሲያወጣው ሊያልቅ አልቻለም። ጸጉሩ የማን እንደሆነ እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ወደ መስኮቱ አየሁ።

አዲሶቹን ጎማዎች በተመለከተ ብዙ ነገር ተናግሯል፣ እኔ ግማሹ አልገባኝም። ኩሽኔታ ስላላቸው፣ ስለ ጎማው ቦይ፣ ስለ ሀዲዱ ቅርጽ፣ ብቻ ብዙ። የገባኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አራቱም አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። አንዱ አዲስ ሦስቱ አሮጌ ከሆኑ በሩ እኩል አይቆምም። እኛ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ሁለተኛ፣ ጎማ ሁሉ ጎማ አይደለም። አሮጌውን በመለኪያው ለካ፤ ከያዛቸው መካከል አንዱን መረጠና ሞከረ። ገባ። እኔ እንደገባ አይቼ ተደሰትኩ። እሱ ግን አንገቱን ነቀነቀ። "ይገባል፤ ግን አይሆንም" አለ። ለካ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለ2 ሚሊ ሜትር ብሎ ረዳቱን ሌላ እንዲያመጣ ላከው! ቢተወው ማን ያውቅበት ነበር? እኔ በፍጹም አላውቅም። አመስግኜ ከፍዬ ነበር የምሸኘው። ሙያ በልብ ነው የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ረዳቱ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ሀዲዱን ያጸዳ ጀመር። ያንን የረጋ ዘይት በብሩሽ ፈቀፈቀ፣ በጨርቅ ወለወለ፣ በቫኪዩም ሳበ። "ማነው ይህን ዘይት ያፈሰሰው?" አለ። ዝም አልኩ። እሱም ሰው አላማም። "ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ሀዲድ የሚፈልገው ንጽሕና ነው። ካስፈለገም ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ትንሽ ብቻ" አለና ቀጠለ። ያቺን የተጣመመች ቦታም በፒንሳ ቀስ አድርጎ አቃናት። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና "በርታ ልጄ፣ እደግ" ትለዋለች። እሱም "አሜን እማማ" ይላል።

ጎማዎቹ ገብተው በሮቹ ቦታቸው ላይ ሲቆሙ የመስታወቱ በር ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ። ደነገጥኩ፤ ያኛው ሰውዬ ትዝ አለኝ። እሱ ግን ይጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ከበሩ ጎን ታች ላይ አንዲት ብሎን አለች፤ ስንት ዘመን ስጠቀምበት አይቻት አላውቅም። በካቻቪቴ ጥቂት ሲያዞራት የበሩ አንድ ማዕዘን ከፍ ይላል። እሱ ከታች ያዞራል፣ ረዳቱ ከላይ ያያል። በበሩና በፍሬሙ መካከል ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ክፍተት ነበር አላልኳችሁም? ዓይኔ እያየ ያ ክፍተት ጠበበ፣ ጠበበ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን መስመር ሆነ። ቆሜ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር? ለሚያውቀው አዎ።

ገፋሁት። ድምጽ የለም። ሄዶ ቆመ። መለስኩት። ምንም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ሒሳቡን ላወጣ ስል "ቆይ፣ ገና ነው" አለኝ። "ምን ቀረ?" አልኩ። "አንቺ አይደለሽም የምትከፍቺው" አለ።

እናቴን ጠራት። "እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይክፈቱት።"

እናቴ ተነሳች። እጇን በሩ ላይ አሳረፈች፣ ገፋችው። ሄደ። እኔ ላጨበጭብ ነበር። እሱ ግን በሩን አልነበረም የሚያየው፤ ፊቷን ነው። መጀመሪያ ስትገፋው ከንፈሯን ትንሽ ንክስ አድርጋለች። እኔ ልጇ አላየሁም። እሱ አየ። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ተንበረከከ። ብሎኗን ነካ ነካ አደረገ፤ በሩን ወዲህ ወዲያ አመላለሰው። "አሁንስ?" አላት። ገፋች። "ደህና ነው ልጄ፣ ይበቃል" አለች። "በዚህ ጣትዎ ብቻ ይሞክሩ" ብሎ ሌባ ጣቱን አሳያት። ሞከረች። ትንሽ ያዘ። አሁንም ተንበረከከ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ እሱ አላየም። ሌላ ቤት እንደሚጠብቀው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር እኮ። ተነስቶ "አሁን" አለ። እናቴ ያቺን አልታጠፍ ያለቻትን ጣቷን መስታወቱ ጠርዝ ላይ አድርጋ ገፋ አደረገችው። በሩ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ሄደ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። "ተባረክ። ልጅህ ይውጣልህ። ዘርህ ይባረክ" አለች። የእናቴ ምርቃት ሲጀምር አያልቅም። እሱ አንገቱን ደፍቶ እስክትጨርስ ተቀበለ።

እኔ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ትንሽ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

ሲሄድም ሥራውን አልጨረሰም። "የእማማ የዘወትር ልብስ በየትኛው በር በኩል ነው?" አለኝ። በመስታወቱ በኩል እንደሆነ ነገርኩት። "ወደ እንጨቱ በር አዛውሩት፤ እሱ ይቀላቸዋል" አለ። ከቤተሰብ አንድም ሰው ያላሰበው ነገር ነው! አሮጌዎቹን ጎማዎች ደግሞ በትንሽ ላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። "አትጣያቸው። ወደፊት እኔ ባልኖር እንኳ ለማንም ብታሳዪው መጠኑን ያገኘዋል" አለኝ። ለራሱ ብቻ ቢያስብ ኖሮ "ሲበላሽ ደውይልኝ" ይበቃው ነበር። ሒሳቡም በስልክ የነገረኝ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ልጨምርለት ስል አልቀበልም አለ።

እናቴ ያን ከሰዓት ልብሶቿን ስታወጣ፣ ስታጥፍ፣ መልሳ ስትሰቅል ዋለች። ጠፋ ብላ ያዘነችበትን ሻርፕ አገኘችው። እኔ ልርዳሽ ስላት "አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ። በማግስቱ ማለዳ ተነስቼ ሳያት ያንን ሌላውን ሹራብ ለብሳለች።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። "በሩ እንዴት ነው? እማማስ?" አለኝ። ሥራ ሊለምን ወይም ቀሪ ሒሳብ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሲከፋበት እንዲህ ነው፣ ደግ ነገርም ይጠራጠራል። ጠይቆ ዘጋው። ያኛው ሰውዬ እስካሁን "መንገድ ላይ" ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልለምናችሁ። በራችሁ ስለከበደ ቁም ሳጥን አትጣሉ። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ ልጅ አሳዩት። አሁንም እደግመዋለሁ፣ ለዚህ ልጅ አሳዩት። የማይጠገን ከሆነ ደግሞ "አይጠገንም" ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል፤ ለባልደረባዬ አንዱን እንዲያ ብሎ መልሶላታል፣ ሒሳብም አልተቀበለም። በተለይ ቤታችሁ ትልቅ ሰው ወይም ሕጻን ካለና መስታወት ያለው በር ከሀዲዱ እየወጣ ካስቸገራችሁ፣ ለነገ አትበሉ። ራሳችሁም አትታገሉት፤ እንዲሁ ዘግታችሁ ተዉትና ደውሉለት።

ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ ብዙ ሰው ባንዴ ደውሎ እንዳያጨናንቀው ብዬ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የበሩን የታችኛውን ጠርዝ፣ የላይኛውን ጠርዝና ሀዲዱን ፎቶ አንሱ። መስታወት ከሆነ ንገሩት፣ ረዳት ይዞ እንዲመጣ። ሥራ ሲበዛበት ቶሎ ላይደርስላችሁ ይችላል። ግን የሚመጣበትን ቀን ይነግራችኋል፤ ባለው ቀንም ይመጣል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እናቴ ሰላም ብላሃለች። ደግሞ አሁን ቁም ሳጥኑ ጸጥ ካለ ወዲህ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲጮህ መስማት ጀምራለች። እሱ የአንተ ሥራ እንዳልሆነ ነግሬያታለሁ፤ "ለማንኛውም ጠይቂው" ብላኛለች።